የምንተነፍሰው አየርም አማና ነው

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ርኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በኾነው። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የአላህን ጸጋዎች እንቁጠር ብንል ቆጥረን አንጨርሳቸውም። ከሁሉም ይበልጥ የምንረሳው ጸጋ ግን ትንፋሻችን ነው። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፤ ያለ ውኃም ቀናት ይቆያል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይኖርም። አንድ ጎልማሳ በቀን 20 ሺህ ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ለዚህ ሁሉ ትንፋሽ ቀረጥ አልተጠየቀበትም፤ ደረሰኝም አልተቆረጠበትም። ሀብታምና ድኻ፣ ሕፃንና ሽማግሌ በነፃ የሚቋደሱት ሲሳይ ነው።

ጸጋ ግን ሒሳብ አለበት። በቂያማ ቀን ስለ ገንዘባችን ከየት አምጥተን የት እንዳዋልነው እንጠየቃለን ስንባል ይገባናል። ስለ ዕድሜያችንና ስለ ዕውቀታችን እንጠየቃለን ስንባልም ይገባናል። ስለ አየሩስ? ሚስቱ፣ ልጁና ጎረቤቱ ስለሚተነፍሱት አየር አላህ ፊት ቆሞ እንደሚጠየቅ የሚያስብ ስንቱ ነው? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ጭስ ሰውነትን ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችን ጭስ ማለት ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ከዚያም በኖ የሚጠፋ ነገር ይመስለናል። በግድግዳና በጣሪያ ላይ የምናየው ጥላሸት ግን ከጉዳቱ ትንሹ ነው። ትልቁ አደጋ ያለው በዓይን በማይታየው ብናኝ ላይ ነው። ሐኪሞች አጥብቀው የሚፈሩት ብናኝ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን አይበልጥም። ይህም የአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ሠላሳ ቦታ ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ማለት ነው። ትልልቁን አቧራ አፍንጫ ያጠምደዋል፤ ያመለጠውንም ሳልና አክታ ያወጡታል። ይህን ደቃቅ ብናኝ ግን የሚያግደው የለም። እስከ ሳንባ መጨረሻ ይወርዳል፤ ከእርሱም እጅግ የረቀቀው የሳንባን ስስ ግድግዳ አልፎ ከደም ጋር ይቀላቀላል።

ከደም ጋር የተቀላቀለ ነገር ደግሞ የማይደርስበት የሰውነት ክፍል የለም። ስለዚህም የጭስ ጉዳት የሳንባ በሽታ ብቻ አይደለም። ጭስ የደም ሥሮችን ያስቆጣል፤ ያጠብባል። የልብ በሽታን፣ በአንጎል ውስጥ የደም መርጋትንና መፍሰስን ያስከትላል። ዓመታት ሲቆጠሩ የአየር ቧንቧን ያጠብና አንድ ደረጃ መውጣት እንኳ ተራራ እንዲሆንብን ያደርጋል። በእናት በኩል አልፎ ፅንሱን ይጎዳል፤ ሕፃኑም ክብደቱ ቀንሶ እንዲወለድ ያደርጋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የተበከለ የውጭ አየርን ደግሞ በ2013 ካንሰር አምጪ መሆናቸውን አረጋግጦ መዝግቧል።

ይኸው ድርጅት ባወጣው ስሌት መሠረት የውጭና የቤት ውስጥ የአየር ብክለት በአንድነት በየዓመቱ 6.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው ይቀጥፋሉ። ከእነዚህ ውስጥ 3.2 ሚሊዮን ያህሉ የሚሞቱት በቤታቸው፣ ምግባቸውን ሲያበስሉ በሚወጣው ጭስ ምክንያት ነው።

ቀስ ብሎ የሚገድል በደል

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 በለንደን ከተማ የከሰል ድንጋይ ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ አምስት ቀን ሙሉ ከተማዋን ሸፈናት። በጥቂት ቀናት ውስጥ 4 ሺህ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ቁጥሩን እስከ 12 ሺህ አድርሰውታል። ዓለም ደነገጠ፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ አወጡ። ይህ ሞት በአንድ ጊዜ የመጣ ስለሆነ ሁሉም አየው።

ብዙ ሰው የሚጨርሰው ጭስ ግን እንዲህ በአንድ ጊዜ አይመጣም። በአሜሪካ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በስድስት ከተሞች የሚኖሩ ከ8 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አወጡ። የሲጋራ ማጨስንና ሌሎችንም ምክንያቶች በሒሳብ ካስገቡ በኋላ፣ እጅግ በተበከለችው ከተማ የሚኖሩት ሰዎች የመሞት ዕድላቸው በንጹሕዋ ከተማ ከሚኖሩት በ26 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በእነዚያ ከተሞች ጎዳና ላይ ተዝለፍልፎ የወደቀ አልነበረም። ቀኑን ያጨለመ ጉም አልነበረም። ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ግን ከውስጥ እየተሸራረፈ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ሞት ስም የለውም። በሞት የምስክር ወረቀት ላይ የሚጻፈው "ልብ" ወይም "ሳንባ" ነው እንጂ "ጭስ" አይደለም። ኤላ አዱ ኪሲ ደብራ የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ በለንደን መኪና በሚበዛበት ጎዳና አጠገብ ስትኖር በጽኑ አስም ታምማ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞተች። እናቷ ለዓመታት ተሟግታ በ2020 የአሟሟት መርማሪው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ። በብሪታንያ የአየር ብክለት ለአንድ ሰው ሞት ምክንያት ሆኖ በስሙ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። ጭሱ ግን በዚያች አገር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነበረ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገሩን በሸሪዓ ሚዛን እናስቀምጠው። አንድ ሰው በአንድ ብርጭቆ መርዝ ሰው ቢገድል ነፍሰ ገዳይ ነው እንላለን። ያንኑ መርዝ ጠብታ በጠብታ አድርጎ ለሃያ ዓመት ቢያጠጣውስ? ስለ ዘገየ ኃጢአቱ ይቀልለታልን? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌላውን መጉዳትም ጉዳትን በጉዳት መመለስም በኢስላም እንደሌለ አስተምረዋል። ዑለማዎችም ከዚህ ሐዲስ ተነስተው ጉዳት መወገድ አለበት የሚለውን ታላቅ የፊቅህ መሠረት አቁመዋል። ይህ መሠረት የፈጠነውን ጉዳት ከዘገየው አይለይም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ ሁሉ ጉዳትም ቀስ በቀስ ሰው ይገድላል።

ጭስና ዐቅል

የጭስ ጉዳት በሥጋ ብቻ አያበቃም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ ጥናቶች ጭስ አእምሮንም እንደሚነካ እያመለከቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በብሪታንያ 390 ሺህ ያህል ሰዎችን ለ11 ዓመት ገደማ የተከታተለ ሲሆን፣ የተበከለ አየር ለረጅም ጊዜ የተነፈሱት ሰዎች በድብርትና በጭንቀት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቻይና ሰዎችን በ2010 እና በ2014 በቋንቋና በሒሳብ ፈትኖ፣ የተበከለ አየር በተነፈሱበት ዘመን ልክ ውጤታቸው እንደሚቀንስ፣ ይህም ዕድሜያቸው በገፋና ባልተማሩ ሰዎች ላይ እንደሚበረታ አሳይቷል። በ2020 የዓለም ታላላቅ ሐኪሞች ቡድን የእርጅና ዘመን የመርሳት ሕመምን ከሚያባብሱና ሊወገዱ ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል የአየር ብክለትን አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያዘነ ሁሉ ጭስ ስለተነፈሰ ነው አንልም። ድብርት ብዙ ምክንያት አለው፤ ጥናቶቹም የሚናገሩት ዕድሉ ከፍ ማለቱን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ አንዲት እናት ልቧ ተጨንቆ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ነገር ሁሉ አስጠልቷት ስናይ ቶሎ ብለን "ኢማኗ ደክሞ ነው"፣ "ዓይን በልቷት ነው"፣ "ጂን ለክፏት ነው" እንላለን። ሩቅያ ይደረግላታል፤ መልካም ነው። ዱዓ ይደረግላታል፤ ይህም መልካም ነው። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ለሰዓታት በምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደምትውል የጠየቀ አለን? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለበሽታ ሁሉ አላህ መድኃኒት እንዳወረደ ነግረው እንድንታከም አዝዘውናል። መታከም ደግሞ የበሽታውን ምንጭ ከመፈለግ ይጀምራል። የታመመን ሰው በኢማኑ መወንጀል ሕክምና አይደለም።

ዑለማዎቻችን፣ ከእነርሱም ኢማም አልገዛሊ፣ ሸሪዓ የመጣው አምስት ነገሮችን ለመጠበቅ መሆኑን አስተምረዋል፤ እነርሱም ዲን፣ ነፍስ፣ ዐቅል፣ ዘርና ንብረት ናቸው። ኸምር የተከለከለው ዐቅልን ስለሚጋርድ ነው። ሙስሊሙ ኸምር ባለበት ማዕድ አይቀመጥም፤ ደግም አደረገ። ታዲያ የልጁን ዐቅል ገና ሳያድግ የሚሸራርፈውን ነገር ስለምን በዝምታ ያልፈዋል?

ለዚህ አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንጥቀስ። ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ይጨመር ነበር። ያ እርሳስ ከመኪናዎች ጭስ ጋር ወጥቶ በሕፃናት ደም ውስጥ ይገባል፤ አእምሯቸውን ይጎዳል፤ የመማርና የማስተዋል ችሎታቸውን ይቀንሳል። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ይህን ቤንዚን አስወገዱ። በዓለም መጨረሻ ላይ ያስወገደችው አልጄሪያ ስትሆን እርሱም በ2021 ነበር። ልብ በሉ፤ ለመቶ ዓመት ያህል የሕፃናት ዐቅል በጎዳና ላይ ሲሸራረፍ ነጋዴውም ገዢውም እንደ ተራ ነገር ያየው ነበር። ዛሬም እንደ ተራ ነገር የምናየው ጭስ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ጭሱን የሚበላው ማን ነው?

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንግባ። በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በጭራሮ ወይም በከሰል ነው። መብራት የገባላቸው ቤቶች እንኳ ብዙዎቹ መብራቱን ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ይጠቀሙበታል እንጂ እንጀራቸውን የሚጋግሩት በማገዶ ነው።

በዚህ ቤት ጭሱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። አባወራው በሥራ ቦታው ወይም በመስጂድ ነው። እንግዳው በሳሎን ነው። ከሦስቱ ጉልቻ ፊት ቀርታ እሳቱን እፍ የምትለው እናት ናት፤ አጠገቧ ማገዶ የምታቀብላት ልጅቱ ናት፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃኑ ነው። እንጀራውን አጣጥሞ የሚበላው አባወራው፣ ጭሱን የምትበላው ግን እርሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ አደጋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ሲጋራ በአፏ አድርጋ የማታውቅ እናት በእርጅናዋ እንደ አጫሽ ስታስል፣ ዓይኗን ሞራ ሲጋርደው ስናይም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጭስ ሊሆን ይችላል።

በረመዳን ደግሞ ሥራው ይበረታል። ሾርባው፣ ሳንቡሳው፣ እንጀራው ሁሉ መግሪብ ሳይደርስ መሰናዳት አለበት። ጾመኛ ሆና፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ለሰዓታት በጭስ ውስጥ የቆመች ሚስት ለጾመኞች ማፍጠሪያ እያዘጋጀች ነውና አጅሯ ታላቅ ነው። የእርሷ አጅር ግን የእኛን ተጠያቂነት አያነሳም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ ነግረውናል። ከእኛ በላጩም ለቤተሰቡ በላጭ የሆነው መሆኑን አስተምረዋል። ሳሎኑን ምንጣፍ አልብሶ፣ ቴሌቪዥን ገዝቶ፣ ማድቤቱን ግን መስኮት የነፈገ አባወራ ይህን ሐዲስ ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን?

የምናቀርባቸው ምክንያቶች

"እናቶቻችን በጭስ ውስጥ ኖረው ሰማንያ ዓመት ደፍነዋል" የሚል አለ። እውነት ነው፤ የደፈኑትን እናያቸዋለን። ያልደፈኑትን ግን ማን ቆጠራቸው? በአንድ ዓመቱ "ሳል ይዞት" የሞተውን ሕፃን፣ በአርባ ዓመቷ ትንፋሽ ያጠራትን እናት ማን በመዝገብ አሰፈራቸው? በሕይወት በተረፈው ብቻ መፍረድ ሚዛን አይደለም።

"ሁሉም የአላህ ቀደር ነው" የሚልም አለ። በቀደር ማመን የኢማን ማዕዘን ነው፤ በቀደር ማመካኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ከባልደረቦቻቸው ጋር ተማክረው ለመመለስ ወሰኑ። ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። አንዱ ሸለቆ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ቢሆን ግመልህን በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው አሉ። መስኮት መክፈትም የአላህ ቀደር ነው። ምድጃ መለወጥም የአላህ ቀደር ነው።

ሦስተኛው "ድኾች ነን" የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የሚያመዝን ምክንያት ነው፤ አላህም ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ነገር ግን በችሎታችን ስላለው እንጠየቃለን። የደረቀ እንጨት መጠቀም፣ ከግድግዳው ላይ መስኮት መቅደድ፣ ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ ማበጀት፣ ማድቤቱን ከመኝታ ክፍሉ መለየት፣ እሳት ሲነድ ሕፃኑን ለሌላ ሰው መስጠት ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ መውጫ ካልሰጠነው ግን በሳንባችን በኩል ይወጣል። በአገራችን ከሲሚንቶ የሚሠራው "ምርጥ" የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ምድጃ መለወጡ ብቻውን ሁሉን ነገር ይፈታል ብለን ግን ራሳችንን አናታልል። በጓቲማላ ገጠር ከ500 በላይ በሆኑ ቤቶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ ጥናት ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሕፃናቱ የሚተነፍሱትን ጭስ በግማሽ ቀንሶታል፤ ጽኑ የሳንባ ምችም ቀንሷል፤ ጭሱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ የቻለ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻገር፤ ያልቻለ ባለበት ሆኖ ጭሱን ይቀንስ።

ከሰልን በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምር። ከሰል የማይጨስ ስለሚመስል ሰዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድደውት ይተኛሉ። ከእርሱ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቤተሰብ እንደተኛ ይቀራል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በምንተኛበት ጊዜ እሳትን እንድናጠፋ ያዘዙት ትእዛዝ ዛሬም ነፍስ ያድናል። እጣኑንና ቡኹሩንም መስኮት ከፍተን እናጢስ።

ከራስ በላይ ነፋስ?

"ከራስ በላይ ነፋስ" የሚል አባባል አለን። ሰው ለራሱ ብቻ ሲያስብ የሚጠቅሰው ነው። ነፋስ ግን የራሱን ሰው ከሌላው አይለይም። በጓሮዬ ያቃጠልሁት ላስቲክና ቆሻሻ ጭሱ ወደ ጎረቤቴ አራስ ቤት ይገባል። ሞተሩ ያረጀ የጭነት መኪና የሚተፋው ጥቁር ጭስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ በቆሙ ሕፃናት ፊት ይበተናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ መርከብ ላይና ታች ስለተሳፈሩ ሰዎች በምሳሌ ነግረውናል። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት በራሳቸው ክፍል ቀዳዳ እንቅደድ ሲሉ ዝም ቢባሉ ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸው ቢያዝ ሁሉም ይድናሉ። አየር ከዚያ መርከብ ይበልጥ የጋራ ነው። በአየር ውስጥ "የኔ ክፍል" የሚባል የለም።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ጥሬውን የበላ ሰው ሌሎችን በሽታው እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ አዝዘዋል። ሽንኩርት ሐላል ምግብ ነው፤ ሽታውም ማንንም አያሳምምም። ለሽታ እንዲህ ከተጠነቀቁ ለሚገድለው ጭስ ምን ያህል እንጠንቀቅ? ከሰው መንገድ ላይ የሚያስቸግር ነገርን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑንም አስተምረዋል። እሾህ ማንሳት ኢማን ከሆነ መርዝ መበተን ምን ይባላል?

የፊቅህ ሊቃውንትም ይህን በሕግ ደረጃ አስፍረውታል። እ.ኤ.አ. በ1876 ተጠናቆ በዑስማንያ መንግሥት ይሠራበት የነበረው "መጀላ" የተሰኘው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1200ኛው አንቀጹ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ የሚሠራ የዳቦ ምድጃ ወይም የዘይት መጭመቂያ በጭሱና በሽታው ባለቤቱን በቤቱ መኖር ከከለከለው፣ ይህ ከመጠን ያለፈ ጉዳት ስለሆነ በማንኛውም መንገድ እንዲወገድ ይደነግጋል። ባለ ምድጃው "በገዛ መሬቴ ነው" ቢል አይሰማለትም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አባወራዎች ዛሬ ማታ ወደ ማድቤት እንግባ። እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ገብተን አንድ ሩብ ሰዓት እንቁም። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባን ማንም አይነግረንም።

ሁለተኛ፣ ባለ መኪናዎችና ሾፌሮች የመኪናችሁን ጭስ ከሐቀል ዒባድ፣ ማለትም ከሰዎች ሐቅ ቁጠሩት። ሳይመረመር በጉቦ ቦሎ የተለጠፈለት መኪና ሁለት ኃጢአት ተሸክሞ ይዞራል፤ የጉቦውንና የጭሱን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ግን አሁንም እየጨሱ ነው።

ሦስተኛ፣ በየመስጂዱ ያላችሁ ኢማሞችና ሸይኾች ይህን ጉዳይ በጁሙዓ ኹጥባ አንሱት። በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2015 ደን በማቃጠል የተነሣው ጭስ ጎረቤት አገሮችን ሳይቀር ካፈነ በኋላ፣ የአገሪቱ የዑለማዎች ምክር ቤት በ2016 ደንና መሬትን ጉዳት በሚያደርስ ሁኔታ ማቃጠል ሐራም መሆኑን በፈትዋ አሳውቋል። ሕዝባችን ከሐኪሙ ይልቅ ሸይኹን የሚሰማበት ቦታ ብዙ ነው።

አራተኛ፣ ሀብት የተሰጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰደቃ ማለት ዳቦና ገንዘብ ብቻ አይደለም። የቲሞችን ለምታሳድግ እናት የተሻለ ምድጃ መግዛት፣ የጭስ ማውጫ ማሠራት፣ መስኮት ማስከፈት በየቀኑ የሚቀጥል ሰደቃ ነው። እሳት በነደደ ቁጥር፣ ሕፃኑ ንጹሕ አየር በተነፈሰ ቁጥር ምንዳው ይጻፋል፤ ኢንሻ አላህ።

አምስተኛ፣ ሥልጣን ላይ ያላችሁ፣ ነዳጁ፣ ፋብሪካው፣ የቆሻሻ መጣያው፣ የመብራቱ ዋጋ በእጃችሁ ነው። ድኻዋ እናት መስኮት ትከፍት ይሆናል፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው አየር ከውስጡ የከፋ ከሆነ ግን ምን ታድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶው ከተገቢው በላይ የቆሸሸ አየር ይተነፍሳል። ይህን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይፈታውም። ይህ የእናንተ አማና ነው።

ውድ አንባብያን፣ የሚገድለን ሁሉ በጩኸት አይመጣም። አንዳንዱ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ፣ በለመድነው ሽታ፣ በለመድነው ማድቤት፣ በለመድነው ጎዳና ይመጣል። መልመዳችን ግን ከበደልነት አያወጣውም። ያለ ዋጋ የተሰጠንን አየር ለሚቀጥለው ሰው ንጹሕ አድርገን ማስተላለፍ ከሹክር ነው፤ ጸጋን ማመስገን በአንደበት ብቻ አይደለምና።

አላህ (ሱ.ወ.) በጭስ ውስጥ ሆነው ያሳደጉንን እናቶቻችንን በራሕመቱ ይጎብኛቸው። በሕይወት ላሉት ዓፊያን፣ ለሞቱት ጀነትን ይስጣቸው። በእኛ ምክንያት የሚጎዳ ነፍስ እንዳይኖር ልባችንን ያንቃልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።